የአስተውሎት ሥልጠና በመምህራን ይጀመር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ማይንድፉልነስ የሚባለው፣ ትንፋሽንና ሐሳብን ሳይፈርዱ በትኩረት የመመልከት የአስተውሎት ልምምድ ለተማሪዎች ሁሉ ይሰጥ የሚለውን ጽሑፋችሁን አንብቤያለሁ። የልምምዱን ጥቅም አልክድም። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ከጀመረው የስምንት ሳምንት ሥልጠና የተወለደው ሕክምና፣ ድብርት ደጋግሞ የተመላለሰባቸውን ሰዎች ዳግም እንዳይታመሙ እንደሚያግዝ በጥናት ታይቷል። «አልረባም» የሚለውን ሐሳብ እንደ ፍርድ ከመቀበል ይልቅ መጥቶ የሚያልፍ ሐሳብ አድርጎ ማየት የለመደ ሰው፣ ያንኑ ሲያመነዥግ አይውልም።

ነገር ግን ደጋግሞ የታመመን አዋቂ የረዳ ሁሉ ጤነኛውን ልጅ ይረዳል ማለት አይደለም። በብሪታንያ ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ጥናት፣ በክፍል የተሰጠው የአስተውሎት ሥልጠና ከተለመደው የማኅበራዊና የስሜት ትምህርት የተሻለ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። አብዛኞቹ ልጆች ከክፍል ውጭ እምብዛም አልተለማመዱትም። ይህ አይገርመኝም፤ በፈቃድ ያልተያዘ ልምምድ ሌላ ክፍለ ጊዜ ከመሆን አያልፍም። በዚያው ጥናት የመምህራኑ የሥራ መዛል ግን ቢያንስ ለጊዜው ቀንሷል። ጽሑፋችሁ ይህን አለማንሳቱ ያሳዝናል፤ የዛለ መምህር ፊት የተቀመጠ ልጅ ድካሙን አብሮ ይሸከማልና።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች በመምህራን ይጀምሩ። ሥልጠናው ለፈቃደኞች ብቻ፣ በሥራ ሰዓት፣ በሠለጠነ ባለሙያ ለስምንት ሳምንት ይሰጥ። የድብርት ምልክት የሚታይበት ተማሪ ደግሞ ዐይንህን ጨፍነህ ተንፍስ ከሚባል ይልቅ ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

አንድ መምህር፣ ከባሕር ዳር