ለደንበኞቻችን፦ ዘንድሮ ስለ ቲፕ (ጉርሻ) ለምን አብዝተን እንደምንጠይቃችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ቢሮ ብቅ ያላችሁ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት። «ሪሴሽን (የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ) ሊመጣ ነው ይባላል፤ ቬጋስ እንዴት ትሆን ይሆን?» እኛ ታክስ ሠሪዎች እንጂ ጠንቋዮች አይደለንም። ያለፉት ሁለት ሪሴሽኖች ኔቫዳን ምን እንዳደረጓት ግን በደንብ ተመዝግቧል። ዘንድሮ ፋይል ስታደርጉ ስለ ቲፕ የምንነዘንዛችሁም በዚያ ምክንያት ነው። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በአገር ደረጃ ዲሴምበር 2007 ጀመረ፤ ጁን 2009 አለቀ ተባለ። ለኔቫዳ ግን አላለቀም። ሥራ አጥነቱ ጣሪያ የነካው ከዚያ በኋላ፣ በ2010 መጨረሻ ገደማ ነው። ከ13 በመቶ አለፈ። ከሃምሳዎቹ ግዛቶች አንደኛ ሆንን፤ እንዲህ ያለው አንደኝነት ይቅርብን። ደግሞ ይህ ቁጥር ሥራ መፈለግ ታክቶት የተወውን ሰው አይቆጥርም። ሙሉ ሰዓት እየፈለገ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚጠራውንም «ሥራ አለው» ብሎ ነው የሚመዘግበው። እነዚህን የሚጨምረው ሰፋ ያለው መለኪያ ከ20 በመቶ በላይ ነበር።

ክፉኛ የተመታው ግንባታ ነው። ቤት እንደ ጉድ በሚሠራበት በ2006 በግንባታ ሥራ ላይ ከ140 ሺህ በላይ ሰው ነበር። በ2012 የቀረው 50 ሺህ ገደማ ነው። ካሲኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ በስትሪፕ፣ ሰሜኑ ጫፍ ያለፈ ሁሉ ጉዳቱን በዓይኑ ያየው ነበር። ኤሼሎን የተባለው የካሲኖ ሆቴል ፕሮጀክት ኦገስት 2008 ቆመ፤ ብረቱና ኮንክሪቱ ለዓመታት ተገትሮ ቀረ። በዚያው ቦታ ሪዞርትስ ወርልድ የተከፈተው በ2021 ነው። ፎንተንብሎ የተባለው ሌላው የካሲኖ ሆቴል ደግሞ በ2009 ኪሳራ ውስጥ ገባ። ሰማያዊ መስተዋቱን ለብሶ ውስጡ ሳያልቅ ኖረና ዲሴምበር 2023 በሩን ከፈተ። ሕንፃ ይህን ያህል ዓመት ቆሞ መጠበቅ ይችላል። የቤት ኪራይ ያለበት አናጢ ግን አይችልም። ኔቫዳ ያጣቻቸውን ሥራዎች በብዛት መልሳ የተካችው በ2016 ገደማ ነው፤ የተተኩት ግን ያው የድሮዎቹ ሥራዎች አልነበሩም።

የ2020ው ጠባዩ ሌላ ነው። በአገር ደረጃ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል፣ ሁለት ወር ብቻ። ማርች 17 የዚያን ጊዜው ገዥ ስቲቭ ሲሶላክ ካሲኖዎች እንዲዘጉ አዘዙ፤ ቀንና ሌሊት ክፍት የነበረው በር ሁሉ ተዘጋ። በኤፕሪል የግዛቲቱ ሥራ አጥነት 30 በመቶ ገደማ ደረሰ። የግዛቶች ቁጥር በዚህ መልክ መያዝ ከጀመረበት ከ1976 ወዲህ የትኛውም ግዛት እንዲህ ያለ ነገር አላየም። ጁን 4 ካሲኖዎቹ ተከፈቱ፣ ሰውም እየተጠራ ተመለሰ። በ2021 መጨረሻ ቁጥሩ ከ7 በመቶ በታች ወርዷል። ሆኖም ሁሉም እኩል አልተጠራም። የባንኬት ሠራተኛ ኮንቬንሽኑ እስኪመለስ መጠበቅ ነበረበት፤ በየዓመቱ ቬጋስ የሚካሄደው ትልቁ የቴክኖሎጂ ኮንቬንሽን፣ ሲኢኤስ፣ እንኳ በ2021 በኦንላይን ብቻ ነው የተካሄደው። ደግሞም «ተመለስን» ከተባለ በኋላ፣ በ2023፣ ከግዛቶች ሁሉ ከፍተኛው ሥራ አጥነት የኔቫዳ ነበር።

ታዲያ ይህ ከቲፕ ጋር ምን አገናኘው?

ሥራ የቆመበት ሰው በሳምንት የሚከፈለው የሥራ አጥነት ክፍያ የሚሰላው በደህናው ጊዜ በተመዘገበ ገቢው ነው። የኔቫዳ ሕግ ከተቆጠሩት አራት ሩብ ዓመታት ብዙ ያገኛችሁበትን ወስዶ ለ25 ያካፍለዋል። ጣሪያም አለው። በቁጥር እንየው። አንዲት አስተናጋጅ በጥሩው ሩብ ዓመቷ ደመወዟ 6,000 ዶላር፣ ቲፗ 3,000 ዶላር ነው እንበል። ቲፑን ካስመዘገበች በሳምንት 360 ዶላር ታገኛለች። ካላስመዘገበች 240። የ120 ዶላር ልዩነት ነው፤ እስከ 26 ሳምንት ቢሄድ 3,120 ዶላር ይደርሳል። ቤት ኪራይ ላለበት ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

«ሲጨንቀኝ አስመዘግባለሁ» የሚል አይጠፋም። አይሠራም። የሚታዩት ካለፉት አምስት የተጠናቀቁ ሩብ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ አራቱ ናቸው። ሜይ ላይ ሥራ ቢቆም የሚታየው ያለፈው ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለው ገቢ ነው። የቅርቦቹ ወራት አይገቡም።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ደግሞ ለብቻ ስሙን። በመደበኛው ሕግ በ1099 የሚሠራ፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳይሆን ለራሱ የሚሠራ ሰው የሥራ አጥነት ክፍያ የለውም። በ2020 የተከፈላችሁ ኮንግረሱ ለዚያ ጊዜ ብቻ ባወጣው ፕሮግራም ነበር፤ እሱም ሴፕቴምበር 2021 አበቃ። ያኔም የታየው ከወጪ የተረፈው ትርፍ ነበር። ስለዚህ ትርፉ በወረቀት ላይ ወደ ዜሮ የወረደለት ሹፌር የደረሰው ትንሹ ክፍያ ነው። ወጪያችሁን አትጻፉ ማለታችን አይደለም። እውነተኛው ወጪ ይጻፍ፤ ማይሉም በየቀኑ ይመዝገብ።

አዲሱ የቲፕ ሕግም ያው ነው። ከ2025 እስከ 2028 ባሉት የታክስ ዓመታት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ የፌዴራል ታክስ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀነሳል። ገቢያቸው ከፍ ላለ ሰዎች ቅናሹ እየቀነሰ ይሄዳል። «ቲፕ ላይ ታክስ ቀረ» ብሎ መዝገቡን መተው ግን ራስን መጉዳት ነው፤ የሚቀነሰው የተመዘገበው ቲፕ ብቻ ነውና። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬርም እንደድሮው ይቆረጣሉ።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያስደነግጣል። የሥራ አጥነት ክፍያ ራሱ በፌዴራል ታክስ ይታሰብበታል። ኔቫዳ የገቢ ታክስ ስለሌላት ብዙ ሰው ነፃ ይመስለዋል። በ2009 የመጀመሪያው 2,400 ዶላር፣ በ2020 ደግሞ ገቢው ከ150 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ሰው የመጀመሪያው 10,200 ዶላር በልዩ ሕግ ነፃ ተደርጎ ነበር። ሁለቱም የአንድ ጊዜ ምሕረት ናቸው፤ በዚያ ተስፋ ኤፕሪል ላይ እዳ አይጠብቃችሁ። ክፍያ ስትጀምሩ 10 በመቶው እንዲያዝ ጠይቁ። ምርጫው የናንተ ነው፤ እኛን ካማከራችሁን ግን ይያዝ እንላለን።

ስለዚህ በዚህ የታክስ ወቅት ስትመጡ እነዚህን ይዛችሁ ኑ፦ ደብሊው-2 (አሠሪው የዓመቱን ደመወዝ የሚያሳይበት ቅጽ)፣ የዓመቱ የመጨረሻ ፔይ ስታብ፣ በጥሬ ገንዘብ የተቀበላችሁት ቲፕ መዝገብ፣ በዓመቱ ውስጥ የሥራ አጥነት ክፍያ ወስዳችሁ ከነበረም ያንን የሚያሳየው ቅጽ፣ 1099-ጂ። ደብሊው-2 ላይ ያለው ቲፕ ከመዝገባችሁ ካነሰ አብረን እናየዋለን። ከአሠሪው ጋር መነጋገር የሚያስፈልግ ከሆነም ደብዳቤውን እኛ እንጽፍላችኋለን፤ ለዚህ ተጨማሪ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሯችሁ ባልደረቦች፣ ላስ ቬጋስ