ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ናችሁ? ከጎንደር ነው የምጽፍላችሁ። ሰሞኑን አክስቴን ላስታምም እዚሁ ከተማችን አንድ ሆስፒታል ዘጠኝ ሌሊት አድሬያለሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሌሎቹም ብዙ የሚሻሉ አይመስለኝም።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ "የአደጋ ጊዜ መውጫ" የሚል በር አለ፣ በሰንሰለት ታስሮ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ እግሩ የተሰበረ አልጋና አሮጌ ፍራሽ ተከምሯል። ነርሷን ቁልፉ የት ነው ስላት ዘበኛው ጋ አለችኝ፣ ዘበኛው ደግሞ የቀን ተረኛው ይዞት ሄዷል አለኝ። ሌባ ፈርተን ነው የምንቆልፈው ይላል፣ እሱም አልዋሸም፣ ብርድ ልብስ ሳይቀር ይሰረቃል እኮ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ባለ ፓውደር እሳት ማጥፊያ የግፊት መለኪያዋ ቀዩ ላይ ነው፣ በቃ ግፊቷ ልክ አይደለም ማለት ነው። ይቺን በየወሩ ማየት፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ባለሙያ መፈተሽ ነበረበት።

አንድ ማታ መብራት ሄደና ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሁሉም አስታማሚ ሻማ አበራ፣ እኔም አብርቻለሁ አልዋሽም፣ ከአክስቴ ኦክስጅን ሲሊንደር ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ። አንዲት ፅዳት ሠራተኛ ናት ጮሃ ያስጠፋችኝ፣ እግዜር ይስጣት። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፣ ሌላውን ነው የሚያነደው፣ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ ነው ያለው፣ ፈስሶ ከዛ ከፍ ካለ ጋቢው አንሶላው ሁሉ ክብሪት እንደነካው ጭድ ነው የሚሆነው። ባግዳድ ውስጥ በ2013 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ የኮሮና ሕሙማን የተኙበት ሆስፒታል የተቃጠለው በኦክስጅን ሲሊንደር ፍንዳታ ነው፣ ከ80 በላይ ሰው አልቋል።

ሰው የሚለው ግን "እሳት ቢነሳ እንሮጣለን" ነው። ማን ነው የሚሮጠው? ከመተማ ከደባርቅ በአምቡላንስ መጥቶ ግሉኮስ የተሰካለት ሰው? ሐኪም ቤት ውስጥ መጀመሪያ በሽተኛውን ከነአልጋው እየገፉ እሳት ወደማይደርስበት ቀጣዩ ክፍል ማሻገር ነው አሠራሩ፣ እሱም ኮሪደሩ ነፃ ሲሆን ነው፣ ሠራተኛውም አንዴ እንኳን ከተለማመደው።

ጓጉንቸሩን ትተው ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት ከውጭ የማይከፈት መቀርቀሪያ ቢያስገቡለት ሌባውም አይገባም። እስከዛ እባካችሁ ጋዜጠኛ ላኩና የየሆስፒታሉን ኃላፊ ማታ አራት ሰዓት ላይ በሩን ክፈትልን በሉልን፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበትም ጻፉልን።

አንድ አስታማሚ፣ ከጎንደር