ሳልመልስልሽ የቆየሁት ጥያቄ

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? አሁንም ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው የምታስተምሪው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ገብቷል። ያው ጠዋት ላብራቶሪ፣ ማታ ቤት ነው።

ሦስት ዓመት ዝም አልኩሽ። እናትሽ እማማ ስታርፍ ልቅሶ አልደረስኩም፤ ደውዬም አብሬሽ አላለቀስኩም። አርባዋ አለፈ፣ ተዝካሯ አለፈ። የላክሽልኝ መልእክት ግን እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የጻፍሽው። “አንቺ ካንሰር ላይ ነው የምትሠሪው፤ እውነቱን ንገሪኝ” ትያለሽ። “ወንድሜን ከቀበረች በኋላ ያ ሁሉ ሀዘን ነው ደሟን የበላው? በዚያ ሰሞን እኔም አስከፍቻት ነበር። ልጆቼስ ይወርሱታል?” ከሥሩ አንድ ቪዲዮ አያይዘሻል። ሰውየው ሀዘንና ቂም ጂንን ይቀይራሉ፣ ካንሰርም ከዚያ ይመጣል፣ ሳይንሱ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል ይላል።

መልሱን ስንት ጊዜ ጀመርኩት መሰለሽ። እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። ያኔውኑ በአንድ መስመር “አይደለም” ብዬ ብልክልሽ ኖሮ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ባገኘሽ። እኔ ግን በደንብ ላስረዳት ብዬ አዘገየሁት። ሲዘገይ አፈርኩ። ሳፍር ጭራሽ ጠፋሁ። ይቅር በይኝ።

ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። የእማማን ደም ሀዘን አልበላውም። አንቺም አላሳመምሻትም። ለልጆችሽም የሚተላለፍ ነገር አይደለም። አሁን ለምን እንዲህ እንደምል ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

ስምንተኛ ክፍል የአማርኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ “ገና” ብለው ጽፈው አንብቡ ያሉን ቀን ትዝ ይልሻል? አንቺ በዓሉን አነበብሽ። እኔ ደግሞ “ገና ነው” እንደሚባለው አላልቼ አነበብኩት። ተከራከርን። እሳቸው ስቀው ጠመኔውን አነሱና “ና” ላይ አንድ ነጥብ አደረጉ። “አሁን ጠበቀ” አሉ። ፊደሉ አልተነካም። ንባቡ ግን ተለወጠ።

ኤፒጄኔቲክስ ማለት እሱ ነው። ለተማሪዎችሽም እንዲህ ብለሽ ብታስረጃቸው ደስ ይለኛል። የዓይንሽ ህዋስና የጉበትሽ ህዋስ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ነው ያላቸው፤ አንድ መጽሐፍ። ልዩነቱ የትኛው ገጽ ይነበባል፣ የትኛው ይዘለላል የሚለው ነው። ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱ፣ ሲ የምንለው፣ ሜቲል የምትባል ትንሽ ምልክት ይደረግበታል። ምልክቶቹ የአንድ ጂን መግቢያ ላይ ከተከማቹ ያ ጂን ዝም ይላል። ሌላም ዘዴ አለ። ዲኤንኤው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ እንደ ክር ይጠመጠማል፤ ጥብቅ ካለ አይነበብም፣ ላላ ካለ ይነበባል። ስሙን በ1942 ያወጣው እንግሊዛዊው ኮንራድ ዋዲንግተን ነው። እነዚህን ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቁጠሪልኝ።

ካንሰር ውስጥ ምልክቶቹ ቦታቸውን ይስታሉ። ዘበኛ የሆኑት ጂኖች፣ “ቁም፣ አትከፋፈል” የሚሉት፣ ፊደላቸው ሳይበላሽ ምልክት ተከምሮባቸው ዝም ይላሉ። ምልክቱን ማነው ያበዛው? እዚህ ላይ ነው የቪዲዮው ሰውዬ ያሳሳተሽ።

እማማን በያዛት የደም ካንሰር፣ አኪዩት ማይሎይድ ሉኬሚያ በሚባለው፣ በተደጋጋሚ ተበላሽተው ከሚገኙት ጂኖች መካከል ዲኤንኤምቲ3ኤ እና ቴት2 የሚባሉ አሉ። የመጀመሪያው ምልክቱን የሚያደርገው ኢንዛይም ነው። ሁለተኛው ምልክቱ እንዲነሳ ያደርጋል። አየሽ፣ ነጥብ አድራጊውና ነጥብ አንሺው ራሳቸው ናቸው የሚበላሹት። የሚበላሹት ደግሞ መቅኔ ውስጥ ባለች አንዲት ህዋስ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ስትከፋፈል በሚፈጠር የመገልበጥ ስህተት ነው። በ2014 ከታተሙ ጥናቶች አንዱ ጤነኛ ሰዎችን መርምሮ፣ በ70ዎቹ ዕድሜ ካሉት ከ10 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ዓይነት የተለወጡ የደም ህዋሶች እንዳሉት አሳይቷል። አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። ጥቂቶቹ ላይ ሌላ ስህተት ይደረብና ካንሰር ይሆናል።

እማማ 71 ዓመቷ ነበር። ወንድምሽ ያረፈው እሷ ከመታመሟ አራት ወር በፊት ነው። የመጀመሪያው ስህተት የተፈጠረው ምናልባት ወንድምሽ ገና በደህና ጊዜው፣ እሷም በረንዳው ላይ ቡና እያፈላች በምትስቅበት ዘመን ነው። የእማማን መቅኔ ማንም ጂን በጂን አልመረመረውምና የትኛው እንደተበላሸ አልነግርሽም። ግን ሀዘን እንዲህ ያለውን በሽታ በአራት ወር አያበቅለውም። ያለቀሰችው ልጇን ስላጣች ነው። በቃ።

ውርስ ላልሽውም፣ ስህተቱ መቅኔ ውስጥ ቀረ። አንቺን ስትወልድ ወደ እንቁላሏ አልገባም። በዘር የሚሄድባቸው ጥቂት ቤተሰቦች አሉ፤ እነሱ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ዘመድ ይታመማል፣ በልጅነትም ሊመጣ ይችላል። እናንተ ቤት እንዲያ የለም።

አሁን እኔ ቀን ሙሉ የማየውን ልንገርሽ፣ የካንሰር ህዋሶችን ሞት።

ባለፈው ማክሰኞ የሉኬሚያ ህዋሶች ላይ ቬኔቶክላክስ የሚባለውን መድኃኒት ጨምሬ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጥኳቸው። ካሜራው በየአምስት ደቂቃው ፎቶ ያነሳል። መጀመሪያ ድቡልቡል፣ የሚያበሩ ነበሩ። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ አንዷ ተኮማተረች። ከዚያ ዳር ዳሯ መንተክተክ ጀመረ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ሽሮ በሸክላ ድስት ሲንተከተክ ነው የሚመስለው። አረፋው ብቅ ይላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ብቅ ይላል። መጨረሻ ላይ ህዋሷ ወደ ትንንሽ ከረጢቶች ተከፋፈለች። ፈንድታ አልፈሰሰችም። ሰውነት ውስጥ ብትሆን ኖሮ ሌሎች ህዋሶች መጥተው ከረጢቶቹን ዋጥ ያደርጓቸው ነበር።

ይህን ሞት በ1972 አፖፕቶሲስ ብለው የሰየሙት ጆን ኬር፣ አንድሪው ዋይሊና አላስቴር ከሪ ናቸው፣ አበርዲን ስኮትላንድ ውስጥ። ቃሉን የጠቆማቸው እዚያው የግሪክ ቋንቋ ፕሮፌሰር ነው። ቅጠል ከዛፍ መርገፍ ማለት ነው። ህዋስ በአደጋ ሲሞት ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ጎረቤቱን ያስቆጣል። ይኼኛው ግን ህዋሱ ራሱ በውስጡ ይዞት የሚኖር ሥርዓት ነው። ጣቶችሽ የተለያዩት በመሃላቸው የነበሩ ህዋሶች እናትሽ ማህፀን ውስጥ እያለሽ እንዲህ ስለሞቱ ነው። አንድ ሚሊሜትር የምታህል ሲ. ኤሌጋንስ የምትባል ትል አለች፤ ስታድግ 1,090 ህዋሶች ትሠራለች፣ ከነሱ 131ዱ ሁልጊዜ በታወቀላቸው ሰዓት ይሞታሉ። ያን የቆጠሩና ጂኖቹን ያገኙ ሰዎች በ2002 ኖቤል ተሸለሙ። ይሄን ቁጥር ሳነብ ዛሬም ይደንቀኛል።

ድሮ ካንሰር ማለት ያለ ልክ የሚከፋፈል ህዋስ ነው ብለን ነበር የተማርነው። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። በ1988 ሜልበርን ውስጥ ዴቪድ ቮ፣ ሱዛን ኮሪና ጄሪ አዳምስ ቢሲኤል-2 የሚባለው ጂን ህዋስን እንዲከፋፈል እንደማያደርግ፣ እንዳይሞት እንደሚያደርግ አሳዩ። ፕሮቲኑ ገዳይ ፕሮቲኖችን ጨብጦ ይይዛቸዋል። እነሱ ቢለቀቁ ማይቶኮንድሪያውን፣ የህዋሱን ኃይል ማመንጫ፣ ይበሱታል፤ በቀዳዳው ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ፕሮቲን ይወጣል፤ ከዚያ ካስፔዝ የሚባሉ ቆራጮች ሥራቸውን ይጀምራሉ። ቬኔቶክላክስ የሚያደርገው ያንን ጭብጥ ማስለቀቅ ነው። ቢሲኤል-2 እጅ ውስጥ ራሱ ገብቶ ቦታውን ይይዛል። በ2016 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። መጀመሪያ ሲሞከር ህዋሶቹ በአንድ ጊዜ እየረገፉ፣ ሰውነት ማጽዳቱ አቅቶት የሞቱ ሕመምተኞች ነበሩ። ለዚህ ነው ዛሬ መጠኑ ቀስ በቀስ የሚጨመረው።

ምልክቱን የሚያነሳው መድኃኒት ደግሞ አዛሲቲዲን ነው። በ1960ዎቹ ፕራግ ውስጥ የተሠራ። መጀመሪያ በብዛት እየተሰጠ ህዋስ ይግደል ተብሎ ነበር፤ ሕመምተኛውንም ጎዳ። በ1980 ፒተር ጆንስና ሸርሊ ቴይለር ሎስ አንጀለስ ሆነው መድኃኒቱ የሜቲል ምልክቶችን እንደሚያራግፍ አሳዩ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲ የተባለውን ፊደል መስሎ አዲስ በሚገለበጠው ዲኤንኤ ውስጥ ይገባል። ምልክት አድራጊው ኢንዛይም እንደ ልማዱ ሊያርፍበት ሲመጣ ሙጫ ላይ እንዳረፈች ዝንብ ተጣብቆ ይቀራል። ህዋሷ ስትከፋፈል ምልክት የሚያደርግ የለም፤ ዝም ያሉት ጂኖች መነበብ ይጀምራሉ።

በ2020 ሁለቱን አንድ ላይ የሰጠ ትልቅ ሙከራ ውጤት ወጣ። 431 ሰዎች፣ ከባዱን ኬሞ የማይችሉ፣ መካከለኛ ዕድሜያቸው 76። የእማማ ዓይነት ሰዎች። አዛሲቲዲን ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ9.6 ወር በላይ ኖሩ፤ ሁለቱን ከወሰዱት ግማሾቹ ደግሞ ከ14.7 ወር በላይ። በሽታው የተኛላቸው ደግሞ ከመቶ 28 ወደ 66 ከፍ አለ። ይህን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ተነስቼ ቆምኩ። በኋላ ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁትና ተቀመጥኩ። አምስት ወር ነው። ለአያት አምስት ወር ትልቅ ነገር ነው፣ አንድ ገና፣ አንድ ፋሲካ። ግን ፈውስ አይደለም። ፒ53 የሚባለው ዘበኛ ጂን የተበላሸባቸው ደግሞ ቶሎ ያገረሽባቸዋል።

እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። “እማማ ብታገኘውስ?” ትያለሽ። አላውቅም ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ግን ለአንቺ እንዲያ አልልም። ምናልባት ጥቂት ወራት ታገኝ ነበር። መድኃኒቱ ብቻውንም አይሠራም። ነጭ የደም ህዋስ ሲወርድ ትኩሳት ይመጣል፣ በሰዓቱ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል፣ ደም በየሳምንቱ መስጠት ይጠይቃል። ደሙን ለማግኘት አንቺ ስንት ሰው በር እንዳንኳኳሽ ነግረሽኛል። የትምህርት ቤታችሁ መምህራን ተሰልፈው የሰጡበትን ቀን፣ እማማም “የአስተማሪ ደም ገብቶልኝ እንግሊዝኛ ልናገር ነው” ብላ ያሳቀቻችሁን፣ አንብቤው አልቅሻለሁ። ያኔ ልጽፍልሽ ይገባ ነበር።

ያንን ቪዲዮ አጥፊው። ከነዚህ ጥናቶች አንዱንም አልጠቀሰም።

የማክሰኞውን ፊልም አሳጥሬ እልክልሻለሁ፤ ለልጆቹ አሳያቸው፣ ሽሮውን ያያሉ። ጥር ላይ ፈቃድ ወስጃለሁ። ከአዲስ አበባ በመኪና እመጣለሁ፤ መጀመሪያ እማማ መቃብር ትወስጂኛለሽ፣ ከዚያ ቤት። የእሷን ጀበና ማንም እንዳይሰብረው።

እሁድ በአንቺ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ብትቆጪኝም አንሺልኝ።

ናፋቂሽ፣
እህትሽ