የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሽቦ የተጠመጠመበት ጠመንጃ

የዘንድሮው ክበባችን የተጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን ይዞ መጣና "ቲቸር፣ ይሄ ጠመንጃ ለምንድነው ሽቦ የተጠመጠመበት?" አለኝ። የእንግሊዞች ሊ-ኤንፊልድ ነው። እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። "ሐሙስ እነግርሃለሁ" ብዬ ሸኘሁትና ማታ ሳነብ አመሸሁ።

መልሱ ዓመቱን ሙሉ ይዞን ሄደ። ጠመንጃው ቦምብ መወንጨፊያ ነው። አፈሙዙ ላይ ኩባያ የመሰለ ነገር ይገጠማል፣ ቦምቡ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል፣ አረር የሌለው ጥይት ሲተኮስ ጋዙ ገፍቶ ይወረውረዋል። ጠመንጃ ግን ለዚህ አልተፈጠረም። እንደ በቅሎ ይራገጣል፣ እንጨቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሽቦው እንጨቱን አጥብቆ ለመያዝ ነው።

"ልጆቻችንን ቦምብ ነው እንዴ የምታስተምሯቸው?" ያሉን ወላጆች ነበሩ። አይደለም። የያዘን ጥያቄ፣ ታንክ የመጣበት እግረኛ ወታደር ምን ያደርጋል የሚል ነው።

ታንክ መጀመሪያ ጦር ሜዳ የወጣው በሴፕቴምበር 1916 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሶም ላይ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ጀርመኖች በ1918 13 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ግዙፍ ማውዘር ሠሩ። ሌሎችም ተከተሉ፣ ግን የታንኩ ብረት እየወፈረ ሄደና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም እንዲህ ያሉት ጠመንጃዎች ከሸክም የማይሻሉ ሆኑ። እዚህ ላይ ልጆቹ ጣልያን ሲወረን ወደተደረገው የደምበጉና ውጊያ ወሰዱኝ፤ በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር የጣልያንን ትንንሽ ታንኮች ያለ ፀረ ታንክ መሣሪያ፣ ላያቸው ላይ እየወጣ ነው ያሸነፈው። ከርዕሳችን ወጣን፣ ሁለት ሐሙስም ሄደ፣ አልቆጨኝም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1940 ነው። እንግሊዞች ቁጥር 68 የሚባለውን የጠመንጃ ቦምብ አወጡ። ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚበረው፣ ግን 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ብረት ይበሳል። እንዴት? ልጆቹ አላመኑኝም። ሚስጥሩ ፈንጂው ፊት ለፊት እንደ ሾጣጣ መቦርቦሩ ላይ ነው። ሲፈነዳ ጉድጓዱን የሸፈነው ስስ ብረት ወደ መሀል ተጨፍልቆ እንደ ቀጭን መርፌ ይወረወራል። ስለዚህ ቦምቡ ራሱ መፍጠን የለበትም። የፊዚክስ መምህሯ አንድ ሳህን ውኃ አምጥተው ጠብታ ጣሉበትና በስልክ በዝግታ ቀረጽነው። ጠብታው የቦረቦረው ጉድጓድ ሲከደን ከመሀሉ ቀጭን የውኃ ዘንግ ወደ ላይ ተተኮሰ። የዓመቱ ምርጥ ቀን ይሄ ነበር፣ ሳህኑ ቢሰበርም።

ጀርመኖችም የራሳቸውን አወጡ፣ ጃፓኖችም። ልጆቹ የወደዱት ግን የአሜሪካኖቹን ነው። ኤም-9-ኤ-1 የሚባለው ቦምባቸው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበሳል፣ ግን መወንጨፊያው ሲገጠምበት ያ ፈጣኑ ጋራንድ ጠመንጃ በራሱ መጉረሱን ያቆምና ወታደሩ ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጁ ማቀባበል አለበት። ኤም-10 የሚባለው ሌላው ቦምባቸው ደግሞ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ስለሆነ ጠመንጃ የሚችለው አልሆነም። ታዲያ ምን ተደረገ? ኤድዋርድ ዩል የሚባል ወጣት መኮንን ሮኬት ገጠመበት፣ ማስወንጨፊያውንም ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ካገኘው ቱቦ ሠራ። በ1942 ባዙቃ፣ ትከሻ ላይ ተደርጎ ሮኬት የሚተኮስበት ቱቦ፣ ተወለደ። እኔ እንደማስበው የጠመንጃ ቦምብ ከመጀመሪያውም ጊዜያዊ መላ ነበር፤ ጠመንጃውን ያለ ሥራው ያስገቡት ቸግሯቸው ነው። ግማሹ ክበብ በዚህ አይስማማም። ክርክሩ እስከ ግንቦት ቀጠለ።

ሰኔ ላይ ሥዕሎቻችንን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ሰቀልን። የግቢያችን ጥበቃ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ሰው ናቸው፣ አንዱ ሥዕል ጋ ቆሙ። ወታደሩ ሰደፉን ትከሻው ላይ አድርጎ ቦምብ ይወነጭፋል።

"ይሄን ማን ሳለው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለች ሠዓሊዋ።

"ትከሻው ይወልቃል፣ ልጄ። መሬት አስደግፊው።"

ላጲስ ፍለጋ ወደ ክፍል ሮጠች።