የጤናና የሥነ ምግብ ክበብ፦ ሰባት ሜትር ተኩል ገመድ

መስከረም ላይ ስንሰባሰብ በክፍላችን ግድግዳ ላይ የነበረው አንድ ፖስተር ብቻ ነው። «ለሆድ የሚስማሙ ምግቦች» ይላል። ሥዕሉ ብሮኮሊ፣ ብሉቤሪና በፕላስቲክ ኩባያ የታሸገ እርጎ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እኛ ሆድ የለንም ማለት ነው?» አለኝ። ሳቅን። ፖስተሩን ገልብጠን ጀርባው ላይ ሁሉም ቤቱ የሚበላውን እንዲጽፍ አደረግሁ። ሽሮ፣ ቆሎ፣ ጎመን፣ በሶ፣ ተልባ፣ እርጎ፣ የዳጉሳ እንጀራ። ወረቀቱ ሞላ። የዓመቱ ሥራችን ከዚያው ወጣ።

ጥቅምት ላይ ገመድ ገዛን። 6 ሜትሩ ነጭ ሆኖ ትንሹ አንጀት፣ 1 ሜትር ተኩሉ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ትልቁ አንጀት ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ስንዘረጋው ከጥቁር ሰሌዳው ተነሥቶ በሩ ጋ ደረሰ። «ይሄ ሁሉ እኔ ሆድ ውስጥ?» ያላለ የለም። የእኛ ጉዳይ ያለው ቀዩ ላይ ነው። የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት አሰር፣ ፋይበር የሚባለው ማለት ነው፣ ነጩን ገመድ ሳይፈጭ ያልፋል። ቀዩ ላይ ሲደርስ ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል። እነሱ ይበሉታል፣ በምላሹም የአንጀት ግድግዳ የሚመገበውን አሲድ ይሠራሉ። ያልተበላው አሰር ደግሞ ውሃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል። ሽሮና ባቄላ የሚነፉንም ባክቴሪያዎቹ ሲበሉ ጋዝ ስለሚያወጡ ነው። እዚህ ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ትምህርቱን ለሚቀጥለው ሳምንት አስተላለፍኩት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ብቻውን 8 ግራም ገደማ ይሰጣል። ያው መጠን ነጭ ዳቦ ከ3 ግራም እምብዛም አያልፍም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በዕረፍት ሰዓት የሚገዙትን ዳቦ በጎሪጥ ማየት ጀመሩ። መግዛቱን ግን አልተዉም።

ኅዳር ላይ ቅዳሜ ገበያ ወረድን። ከደምቢያ የመጣ ሽምብራ፣ ገብስ፣ አብሽ፣ ፌጦ ሁሉ አለ። አንዲት ተልባ ሻጭ እናት ለምን እንደመጣን ሲሰሙ «ልጄ፣ ተልባ ሳይወቀጥ ቢበሉት እንደገባ ይወጣል» አሉን። እውነታቸውን ነው። የዘሩ ልባስ ካልተሰበረ አንጀት ውስጡን አያገኘውም። ትምህርት ቤት ተመልሰን ተልባውን በብርጭቆ ውሃ ዘፈዘፍነው። ሲያድር እንደ ንፍጥ ተዝለገለገ። ውሃ እንዲህ የሚስብ ነገር ያለ በቂ ውሃ ሲበላ ምን እንደሚሆን ጠየቅኳቸው። «ሆድ ይደርቃል» አሉ። ይህን መልስ ያዙልኝ።

ታኅሣሥ የእርሾ ወር ነበር። አንድ የጤፍ ሊጥ ብርድ በሚያንዘፈዝፈው ላብራቶሪ፣ ሌላውን አንዲት ተማሪ ቤቷ ምድጃ አጠገብ አኖርን። የምድጃው በ2ኛው ቀን ኩፍ ብሎ ጎመዘዘ። የእኛው በ4ኛው ቀንም ገና ያንገራግራል። ብዙዎቹ «እንጀራ ስንበላ ጠቃሚ ባክቴሪያ እንበላለን» ብለው ያምኑ ነበር። ባክቴሪያውማ ምጣዱ ላይ ይሞታል። ጥቅሙ ቀድሞ ተሠርቷል፤ ሊጡ ሲቦካ ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። በሕይወት ያለውን ባክቴሪያ የምናገኘው ከእርጎ ነው። ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ሰዎች እርጎ የሚሻላቸውም ባክቴሪያው ከወተቱ ስኳር የተወሰነውን ስለበላላቸው ነው።

ጥር ላይ ጥምቀት አለ። ጎንደር ውስጥ በጥር ክበብ አይጠራም።

ሁዳዴና ረመዳን ሲደራረቡ ስለ ጨጓራ ተወያየን። ሁሉም «በርበሬ ነው» ይላል። ባሪ ማርሻል የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 ሄሊኮባክተር የተባለውን ባክቴሪያ በጥብጦ ጠጥቶ ራሱን እንዳሳመመ ነገርኳቸው። የጨጓራ ቁስለት ዋና መነሻ ያ ባክቴሪያና እንደ አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። በርበሬ ያቃጥላል እንጂ አያቆስልም። አንዱ ልጅ «ለእናቴ ይህን ማን ይነግርልኛል?» አለ።

ሚያዝያ ላይ ሁሉም የ7 ቀን መዝገብ ያዙ። የበሉት፣ የጠጡት፣ ሆዳቸው እንዴት እንደዋለ። ስም አይጻፍም። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ ሽሮው፣ ንፍሮው፣ ጎመኑ አለ። ሆኖም በሴቶቹ ወረቀት ላይ «ድርቀት» የሚል ቃል በዛብኝ። የውሃው ዓምድ ደግሞ ከጠዋት እስከ 9 ሰዓት ባዶ ነው። ምን ነካችሁ ስል ዝም አሉ። በማግሥቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። «ቲቸር፣ ከጠጣን ሽንት ቤት መሄድ አለ። በሩ አይዘጋም።»

ዓመቱን ሙሉ ስለ አሰር ሳወራ ይህ አልታየኝም። የመምህራኑ ሽንት ቤት ቁልፍ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እንዴት ይታየኝ? ተልባው ብርጭቆ ውስጥ ያሳየንን ልጆቹ ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ይውሉ ነበር።

የዓመቱን የመጨረሻ ወራት ምግብ ትተን በር ላይ ዋልን። ከክበቡ ገንዘብ 3 መቀርቀሪያ ገዛን፤ የአንዷ ተማሪ አባት አናጢ ስለሆኑ በነፃ ገጠሙልን። እጅ መታጠቢያ ባለ ቧንቧ ባልዲ በሩ አጠገብ አቆምን። ባልዲውን የሚሞላ ተረኛ በየቀኑ አለ፤ ዓርብ ዓርብ ተረኛው ይጠፋል። ለአስተዳደሩ የጠየቅነው የውሃ ሮቶ እስካሁን አልመጣም፤ ደብዳቤያችን ፋይል ውስጥ ነው። በሰኔው መዝገብ ግን የውሃው ዓምድ ላይ ቁጥር መታየት ጀምሯል። አንዷ «2 ብርጭቆ» ብላ ከጎኑ ፈገግታ ሥላለች።

ገመዱ ላብራቶሪው በር ጀርባ ተሰቅሏል። በክረምቱ ልብስ ማስጫ እንዳይሆን ለጥበቃው አደራ ብያለሁ።