ሰሎሜ፣ ቲኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት

ሰሎሜዬ፣

ይኼን ሁሉ ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። በይው፣ ይገባኛል። ድንጋይ ተሸክሜ ደጅሽ እንደቆምኩ ቁጠሪልኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያኛው ነገር በአካል ስንገናኝ ይደርሳል።

እናትሽ እንደነገሩኝ ሐምሌ ላይ ሕንድ አገር ማሄሽዋር ከተማ ወርደሽ አራት ነጠላ በአራት ዓይነት ጥለት ልታሠሪ ነው። ሐምሌ! አዲስ አበባ ካፊያ ሲጥል ቀጠሮ የምትሰርዢው ሴትዮ! የእነሱም ክረምት እንደኛው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ነው። ናርማዳ የሚሉት ወንዛቸው ሲሞላ የወንዙ ዳር ደረጃዎች ይሰጥማሉ፣ ጀልባው ይቆማል። ሚያዝያና ግንቦትም አይሆኑሽም፤ ኒማር የሚሉት ያ ቆላ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሂጂ። ማሄሽዋር ከኢንዶር ከተማ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከማልዋ ደጋ ቁልቁል ወርደሽ በጥጥ ማሳ መሃል ትደርሻለሽ።

የሚያሳስበኝ ግን ዝናቡ አይደለም፣ ጥለቱ ነው። አንቺ የምታስቢው እንደ ሽሮሜዳ ነው። የኛ ሸማኔ ጥለቱን የሚጥለው ጫፉ ላይ በማግ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ነጠላ ቀለም ቢቀይር ምንም አይቸግረውም። የማሄሽዋር ሳሪ፣ ሴቶቻቸው የሚጠመጥሙት ረጅም ልብስ፣ ጠርዙ ግን በቁመቱ ነው የሚሄደው፤ ቀለሙ ድሩ ውስጥ ገብቶ አልቋል። አንድ ድር ሲዘረጋ ለብዙ ሳሪ ነው፣ ከዚያ ድር የሚወጣው ሁሉ ጠርዙ አንድ ዓይነት ነው። «ይኼኛውን ቀይ፣ ያኛውን አረንጓዴ» ብትያቸው ወይ ይስቁብሻል ወይ የሙሉ ድር ዋጋ ይጠይቁሻል። አዲስ ድር ሲገባ ክሩ አንድ በአንድ ከአሮጌው ጫፍ ጋር ይቋጠራል፤ ለአራት ነጠላ ማን ይለፋልሻል?

መላው እንዲህ ነው። ነጭ ድር የተዘረጋበት፣ የጠርዙም ቀለም የሚስማማሽ የእጅ ሽመና ማሽን ፈልጊ። አራቱን ቀለም «ፓሉ» በሚሉት የሳሪው ጫፍ ላይ አስገቢው፤ እሱ በማግ ስለሚሠራ እንደኛ ጥለት ይቀያየራል። የጥንቱ ፓሉ አምስት መስመር ነው፣ ሦስት ባለቀለም፣ በመካከላቸው ሁለት ነጭ። ለነጠላ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ባለቀለም ድር ላይ ሌላ ቀለም ማግ ሲገባ ደግሞ ጨርቁ ሲንቀሳቀስ ሁለት ቀለም ይሰጣል፤ ያንን ለቀሚስ አስቢው።

ድሩ ሐር፣ ማጉ ጥጥ ነው፤ የጥጡ ክር ቁጥር 80 ወይም 100። ቀጭን ስለሆነ ጥፋት አይደብቅም። ሸማኔው አንዴ ጠበቅ አንዴ ላላ አድርጎ ከመታ መስመር ይወጣል፣ ክሩ እኩል ካልተነከረም እንደዚያው። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ወደ ብርሃን ዘርግተሽ እይው። ጠርዙን ደግሞ ገልብጪው። «ቡግዲ» የሚሉት እውነተኛው ጠርዝ ፊትና ጀርባ የለውም፤ ከጀርባው ልቅ ክር ከተንጠለጠለ ተይው። ነጠላ እንደየቦታው ሲዞርና ሲዘቀዘቅ ጀርባው እንደሚታይ ለአንቺ አልነግርሽም።

ወንዙ ዳር ካለው የመጀመሪያ ሱቅ ደግሞ አትግዢ። መጀመሪያ ወንዙ ዳር ያለውን ምሽግ እይ። ግንቡ ላይ የተቀረጸው ጡብ፣ ሰሌን፣ አልማዝ፣ ማዕበል ሁሉ ጠርዙ ላይ ያለው ነው፤ ግንቡን ሳታዪ ከሸማኔ ጋር ብትነጋገሪ የፈለግሽውን በጣት ማሳየት አትችይም። እዚያው ምሽጉ ውስጥ የድሮዎቹ ገዥዎች የሆልካር ቤተሰብ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያቋቋመው ሬህዋ የሚባል የሽመና ማኅበር አለ፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። ከተማው ውስጥ ግን ብዙ ማሽን ያለው አንሳሪ ከሚባሉት ሙስሊም ሸማኔዎች ቤት ነው፤ መተላለፊያ መንገድ ላይ የማሽኑን ድምፅ ተከተዪ።

ይኼን ሁሉ ያመጣችው የሆልካሮቹ ንግሥት አሂልያባይ ናት። ባሏ በ1754 እ.ኤ.አ. ጦርነት ላይ ሞተ፤ እንደ ጊዜው ልማድ ከአስከሬኑ ጋር ልትቃጠል ስትል አማቷ ማልሃር ራው ከለከላት። እሱ በ1766፣ ልጇ በ1767 ሲሞቱ ግዛቱን ተረከበችና መቀመጫዋን ማሄሽዋር አደረገች፤ እስከ 1795 ገዛች። ሸማኔዎቹን ከሱራትና ከሌላም ቦታ እንዳስመጣች ይነገራል። ዙፋን ብለሽ እንዳትፈልጊ፤ የተቀመጠችበት በረንዳ ላይ የተነጠፈ ነጭ ፍራሽ ነው። በእሷ ጊዜ የተጀመረ ሥርዓትም አልቀረም፤ ካህናቱ ጠዋት ጠዋት ከጭቃ ትንንሽ የአምላካቸውን የሺቫን ምልክት እየጠፈጠፉ ሰሌዳ ላይ ይደረድሩና ጸሎቱ ሲያልቅ ወንዙ ውስጥ ይጨምሩታል። ቀደም ብለሽ ሂጂ፣ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂ።

ወንዙ ራሱ በቪንድያና በሳትፑራ ተራሮች መካከል፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወደ ምዕራብ 1,312 ኪሎ ሜትር ይፈሳል። በእግር የሚዞሩት ምእመናን ታገኛለሽ፤ ወንዙን ሁልጊዜ በቀኛቸው አድርገው ነው የሚሄዱት። ከከተማው ከፍ ብሎ የተጀመረውን የ400 ሜጋዋት ግድብ ጉዳይ ግን ሻይ ቤት ውስጥ አታንሺ፤ መንደሬ ይሰጥማል ብሎ ሲሰጋ የኖረ ሰው አጠገብሽ ሊቀመጥ ይችላል።

እ… አንድ ነገር ደግሞ። እውነቱን ለመናገር ብዕር ያስነሳኝ ይኼም ነው። ለእኔ ከዚያው ነጭ ድር ሁለት ሜትር ተኩል፣ ጠርዙ የሰሌኑ። ወርቃማ ክር አይብዛበት። ዋጋውን አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ እንደ ባለፈው «ተይው» ብለሽ እንዳታሳፍሪኝ።

ያንቺው
ሂሩት