ከመልቀቂያው ደብዳቤ በፊት የመመለሻው ሒሳብ ይሠራ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልን። «ውጭ ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚለው ወግ በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ይጀመርና ምርቃናው ከፍ ሲል ይወሰናል። ዱባይም ተጠራ ጀርመን፣ መመዘኛው አንድ ነው፤ ደመወዙ በዕለቱ ምንዛሪ ሲባዛ ስንት ብር ይሆናል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ ይህ ማባዛት አፍ የሚያስከፍት ቁጥር ያወጣል። ነገር ግን ዱባይ ያለ ሰው ኪራዩን በድርሃም ነው የሚከፍለው፤ ሽንኩርቱንም እንደዚያው። ወደ ብር መባዛት ያለበት ከወጪ የተረፈው እንጂ የገባው አይደለም።

የምንጽፈው ሙያና ሥራ እያላቸው ከወዲያ የቅጥር ደብዳቤ ስለመጣላቸው ወይም ሊመጣላቸው ስለተቃረበ ሰዎች ነው። በበረሃና በባሕር የሚሄደው ወጣት ጉዳይ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ኮንትራት ሲመጣ ዓይን ድምሩ ላይ ያርፋል፤ መነበብ ያለበት ግን ድምሩ እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን እንውሰድ። 8,000 ድርሃም የሚል ደብዳቤ ውስጡ ሲገለጥ መነሻ ደመወዝ (አበል ያልተጨመረበት) 3,200፣ የቤት 3,000፣ የትራንስፖርት 800፣ ልዩ ልዩ አበል 1,000 ሊሆን ይችላል። ከደመወዝ ላይ ግብር አይቆረጥም፤ ይህ እውነት ነው። ይሁንና በአገሩ ሕግ የሥራ ማብቂያ ክፍያ የሚሰላው ከመነሻ ደመወዙ ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው በየዓመቱ የ30 ቀን። በ3 ዓመት የሚመለስ ሰው 3,200ን ለ30 አካፍሎ፣ በ21 አባዝቶ፣ እንደገና በ3 ሲያባዛ 6,720 ድርሃም ይደርሰዋል። ድምሩ ያው 8,000 ሆኖ መነሻው 5,600 ቢሆን ኖሮ 11,760 ያገኝ ነበር። ቀጣሪው በየወሩ የሚያወጣው ገንዘብ በሁለቱም አንድ ስለሆነ ክፍፍሉን ማስለወጥ ከባድ ድርድር አይደለም፤ ከፊርማ በኋላ ግን ማንም አይሰማም። ዓመት ሳይሞላው የወጣ ደግሞ ከዚህ ክፍያ ምንም የለውም።

ቤት ኪራዩም እንደ ድሬዎቹ ሰፈሮች፣ እንደ ሳቢያን ወይም እንደ ከዚራ፣ በወር በወር አይደለም። በዱባይ የዓመቱ ኪራይ ይነገርና በጥቂት ቼኮች ተከፋፍሎ ይከፈላል። ለምሳሌ በዓመት 48,000 ድርሃም የተባለች ስቱዲዮ በ4 ቼክ ብትሆን የመጀመሪያው 12,000 ነው። ዕቃ ለሌለው ቤት እንደተለመደው 5 በመቶ ማስያዣ፣ 2,400፤ ለደላላው 5 በመቶ፣ ሌላ 2,400። ቁልፉ እጅ ሳይገባ 16,800 ድርሃም ወጣ ማለት ነው፤ የ8,000ው ደመወዝተኛ ከሁለት ወር በላይ ሠርቶ የሚያገኘው። ይህን ይዞ የሚሄድ ጥቂት ስለሆነ ብዙው «ለጊዜው» ብሎ በጋራ ክፍል ውስጥ አልጋ ይከራያል። ያ ጊዜ ደግሞ ይረዝማል። ቤተሰብ ማስመጣት የሚፈልግ ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ከነመኖሪያው ማግኘቱን ማሳየት ይጠበቅበታል። ልጆቹም በአብዛኛው የሚማሩት በክፍያ ትምህርት ቤት ነውና ያ ደብዳቤው ውስጥ ከሌለ ከደመወዙ ይወጣል።

ጀርመን ሌላ ዓይነት ሒሳብ ነው። እዚያ የተጻፈው ደመወዝ እጅ የሚገባው አይደለም፤ ያላገባ ሰው መካከለኛ ደመወዝ ቢኖረው በግብር፣ በጤና መድንና በጡረታ ሲሶ ያህሉ ይሄዳል። ኪራይ ሲነገር «ቀዝቃዛ» ነው ወይስ «ሙቅ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቀዝቃዛው ማሞቂያና የጋራ አገልግሎት የሌለበት ነው። ማስያዣው እስከ 3 ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ሊደርስ ይችላል። ቀጣሪ ሳያገኝ ሥራ ፍለጋ ለሚሄድ ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቻንሰንካርቴ» የሚባል የነጥብ ቪዛ አለ፤ የሚታወቅ የሙያ ሥልጠና ወይም ዲግሪ፣ ቢያንስ 6 ነጥብና የቋንቋ ማስረጃ ይጠይቃል። በ2025 እ.ኤ.አ. አመልካቹ አስቀድሞ እንዲያሳይ የተቀመጠው የመተዳደሪያ ገንዘብ በወር 1,091 ዩሮ፣ ለዓመት 13,092 ነበር። ይህን ከዘመድ ተበድሮ የሚያስይዝ ሰው ሥራ ሲያገኝ የመጀመሪያ ደመወዞቹ የሚሄዱት ለዕዳው መሆኑን ይወቅ።

ለነርሶች በተለይ አንድ ነገር እንበል፤ ከድል ጮራም ከሕይወት ፋናም ሆስፒታል ብዙ ጠያቂ አለና። የኢትዮጵያ የነርስ ዲግሪ በጀርመን በቀጥታ አያሠራም። ሙሉ ዕውቅና እስኪገኝ የሚሠራው በረዳትነት ነው፤ ደመወዙም የረዳት ነው። የሚጠየቀው ጀርመንኛ በአብዛኛው ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ) ደረጃ ነው። ስለዚህ ኮንትራቱ ላይ መፈለግ ያለበት ከዕውቅና በፊት ስንት፣ ከዕውቅና በኋላ ስንት፣ የትምህርቱን ልዩነት የሚሞላውን የማካካሻ ሥልጠናስ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። አንድ ቁጥር ብቻ የጻፈ ደብዳቤ የትኛውን እንደጻፈ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ጅቡቲ ለእኛ ጎረቤት ስለሆነች ሰው ሳያሰላ ይሄዳል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.721 የታሰረ ስለሆነ ደመወዙ አይዋዥቅም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የቢሮ ሥራ ግን ፈረንሳይኛ ይፈልጋል፤ በገበያ የተለመደው ሶማሊኛና አማርኛ ከቢሮው በር አያስገባም። ሙቀቱንም «ድሬ ለምደናል» ብሎ ማለፍ የዋህነት ነው። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ማታ ደጅ ተቀምጦ ነፋስ ይጠበቃል። የጅቡቲ ግን የባሕር ወበቅ አለበት፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለ ኤሲ አይተኛም፣ የመብራት ሒሳቡም እንደዚያው። ቤቱን አሠሪው ቢሰጥም መብራቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይጻፍ።

ካናዳን ለሚያስብ ደግሞ ዕድሜ ራሱ ሒሳብ ነው። በኤክስፕረስ ኢንትሪ (የውጭ ባለሙያዎች ለቋሚ ነዋሪነት በነጥብ በሚመረጡበት አሠራር) ለዕድሜ የሚሰጠው ነጥብ ከ20 እስከ 29 ዓመት ሙሉ ነው፤ ከ30 ጀምሮ በየዓመቱ ይቀንሳል፣ በ45 ዜሮ ይሆናል። «ልጆቹ ትንሽ ይደጉ» የሚለው ምክንያት መልካም ቢሆንም ነጥብ ያስከፍላል።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚባክነው በቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ሰው በጉጉት መጀመሪያ የሚያወጣው የፖሊስ የአሻራ ማስረጃና የጤና ምርመራ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ቶሎ የሚያረጁ ናቸው። ብዙ ኢምባሲዎች ከ3 ወይም ከ6 ወር ያለፈውን አይቀበሉም። መጀመር ያለበት ከማያረጀውና ከሚዘገየው ነው፤ ከዲግሪው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ብቻ ይዞ ከሆነ ኮስት ሼሪንጉን፣ ማለትም የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳውን፣ ከፍሎ ሳይጨርስ ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም፤ ዩኒቨርሲቲው በታሸገ ፖስታ የውጭ ዲግሪን ለሚመዝን ገምጋሚ ድርጅት በቀጥታ የሚልከው ትራንስክሪፕትም እዚያው ይታሰራል። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የሚሄዱበት አገር ኢምባሲ። እንደ ልደትና ጋብቻ ያለው ማስረጃ ተተርጉሞ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያልፋል፤ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ስላለው አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያሻም። ኢምባሲዎቹ ግን አዲስ አበባ ናቸው። የውጭ ጉዳይ ማኅተም ሳይኖረው ኢምባሲ የደረሰ ወረቀት እንዳለ ይመለሳል። ዲግሪን ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ጉዳት ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ማኅተም አይመታም።

ስም ሌላው ወጥመድ ነው። እንደኛ አካባቢ «አብዱራህማን» እና «መሐመድ» በበዛበት፣ ፓስፖርቱ በሁለት ኤም፣ ዲግሪው በአንድ፣ የልደት ካርዱ በሦስተኛ አጻጻፍ ይመጣል። ፓስፖርቱን መሠረት አድርጎ ሌላው ትርጉም ሁሉ እሱን ይከተል፤ ዲግሪው የተለየ ከሆነ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አብሮ ይረጋገጥ። ቀኑም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ 8 ዓመት የሚደምር ሰው ይሳሳታል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው። ኅዳር 10 ቀን 1985 የተወለደ ኖቬምበር 19 ቀን 1992 ነው፤ አንዱ ወረቀት 1993 ካለ ሁለት ሰው ተፈጠረ። የቀድሞ ምሩቃን ደግሞ ዲግሪያቸው «ዓለማያ» ይላል፣ ዩኒቨርሲቲው ዛሬ ሐረማያ ነው። የስሙን ለውጥ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ቀድሞ መያዝ፣ ውጭ ያለ ገምጋሚ «እንዲህ ያለ ተቋም አላገኘሁም» ብሎ ወራት ከሚያስጠብቅ ይሻላል።

አሁን ርእሳችን ላይ ወዳለው እንግባ። መልቀቂያ የሚጻፍበት ቀን በራሱ ገንዘብ ነው። በግል ድርጅት የሚሠራ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ ግዴታ ከሌለበት፣ 5 ዓመት አገልግሎ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የስንብት ክፍያ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው በየዓመቱ የዚያ ሲሶ። 4 ዓመት ከ10 ወር ላይ ያለ ሰው ሁለት ወር ቢታገሥ የሁለት ወር ከ10 ቀን ደመወዝ ያተርፋል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠትም ግዴታ ነው። በጡረታ በኩል ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ሲያዋጡ የኖሩበት የጡረታ አበል ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፤ 9 ዓመት ከምናምን ላይ ያለ ቀኑን ይቁጠር። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ከመልቀቁ በፊት ያለ ደመወዝ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቅ። ቢከለከልም የሚያጣው ነገር የለም። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ከመውጣት በፊት ይወሰድ፤ ከውጭ ሆኖ በስልክ ማስጻፍ መከራ ነው።

ዋስም አለ። በትምህርት ፈቃድ የሄደ መምህር ሳይመለስ ሲቀር ዕዳው ዋስ በሆነለት ባልደረባው ደመወዝ ላይ ይወርዳል። እቁብ ቀድሞ በልቶ መሄድም ያው ነው፤ ተያዡ እዚሁ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ነው ያለው። ዕዳው ሳይዘጋ ቲኬት መቁረጥ ነውር መሆኑን ለድሬ ሰው መንገር አያሻንም፤ ግን ይደረጋል።

ቤት ያለው ሰው ውክልና ሲሰጥ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ እንደማያበቃ ይወቅ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ይህ ለሰጪው መከላከያም ነው፤ ዘመድን ኪራይ እንዲሰበስብ ብቻ መወከል ይቻላል። ከወጡ በኋላ ማሻሻል የሚቻለው በኤምባሲያችን በኩል ነው፤ ወረቀቱም ተመልሶ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል። የቀበሌ ቤት ያለው ደግሞ ለሌላ አከራይቶ መሄዱ ውሉን እንደሚያፈርስ ሳይረሳ ይወስን። እድሩን በወንድም ወይም በእህት በኩል መክፈል ቀላል ነው፤ አቋርጦ እንደገና መግባት ነው የሚከብደው።

የመመለሻ ገንዘብ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው፦ የመላው ቤተሰብ ቲኬት፣ የሦስት ወር የድሬ ወጪ፣ ቤቱ ተከራይቶ ከሆነ ተከራዩ እስኪወጣ ሌላ ቤት የሚከራዩበት። ከመሄድ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ፤ በዚያ አገር ቼክና ማስያዣ አይነካ። ይህን ለይቶ መነሻ ገንዘቡ የማይበቃው ሰው ቢያንስ ስድስት ወር ቢቆይ ይሻላል እንላለን። ብዙዎች እንደማይስማሙ እናውቃለን፤ «ዕድል በር አንዴ ነው የምታንኳኳው» ይሉናል። የሥራ ቅጥር ዕድል ግን ቀነ ገደቡን ለማራዘም በጽሑፍ ሲጠየቅ አንዳንዴ ይራዘማል፤ የማይጠይቅ ሰው ነው የማያገኘው።

ጋዜጣችሁን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በቅጥር ውል ላይ የሚመጡትን ቃላት፣ መነሻ ደመወዝ፣ አበል፣ የሙከራ ጊዜ፣ የሥራ ማብቂያ ክፍያ፣ በአማርኛ አብራርቶ የሚያወጣ ትንሽ ዓምድ ቢኖራችሁ ሰው ቆርጦ ኪሱ ያስቀምጠው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፤
ሁለት የሰነድ ተርጓሚዎችና አንድ የሒሳብ ባለሙያ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ